የጋሽ ደምሰው እማኞች

ጋሽ ደምሰው ማረፋቸውን የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ወይንሸት ናት፣ በስልክ። ሸዋ ሮቢት አስፋልት ዳር ባለችው ትንሽ ሆቴሌ ውስጥ የአንድ እንግዳ መታወቂያ እያገላበጥኩ ነበር፤ ፎቶውና ፊቱ አልገጥም ብለውኝ። «እትዬ ጽጌ፣ ጋሼ አረፉ» አለችኝ። እግዜር ያጽናሽ ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው «አየሽ? በዓይንሽ?» የሚል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። ወይንሸት ግን ጠባያችንን ታውቃለችና «ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ አመንኩ። መታወቂያውን ለእንግዳው መልሼ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ።

እንዲህ አድርገው የሠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ዓመት፣ በዙሪያቸው ያለ ሰው ሁሉ ተስማምቶ የደበቃቸውን አንድ ነገር ለማወቅ እኛን የድሮ ተማሪዎቻቸውን አስጠርተውን ነበር። ስንሄድም እየተጠራጠርን ነው፣ ሲቀበሉንም እየተጠራጠሩ ነው። ያን ቀን ሳልጽፈው ብቀር እሳቸውን ያወቅኩ አይመስለኝም።

ትምህርት ቤታቸው ከወፍጮ ቤት ጀርባ የተከራዩት አንድ ክፍል ነበር። በተቸነከረ ቆርቆሮ ላይ «ደምሰው የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት» ተብሎ ተጽፎበታል። አየር የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጥተን በዚያ በቆላው ሙቀት እዚያ ውስጥ እንታጨቃለን። ወፍጮው ሥራ ሲጀምር የሚሰማ ነገር የለም፤ ስለዚህ እሳቸው ይጮኻሉ፣ እኛም እንጮኻለን። እስከ ዛሬ ድረስ የጋሽ ደምሰው ተማሪ በአማርኛ እንደ ሰው ያወራል፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን ይጮኻል። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ፣ የሆቴል ባለቤቶች ስብሰባ ላይ፣ አንዱ ከፊት ወንበር ተነሥቶ በእንግሊዝኛ ሲያንባርቅ ሰማሁና በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነህ እንዴ?» አልኩት። ነው። ከእኔ በኋላ የተማረ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። አበራ የሚባል ቀልደኛ ልጅ እጁን አወጣና ዝናብ እየዘነበ ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ዓረፍተ ነገሩ እንከን አልነበረውም። ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና «ማን አየ?» አሉት።

«ቆርቆሮው ሲንጫጫ እየሰማሁ ነው እኮ ጋሼ።»

«ወፍጮው ቢሆንስ?»

ወጥቶ እንዲያይ ላኩት። ሲመለስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «አሁን በል» አሉት፤ አለ፤ እሳቸውም ሰሌዳው ላይ ጻፉለት። «ዝናብ ነው ያለ ሰው ረጥቦ ይገባል» የምትለዋን አባባላቸውን የሰማናት ያን ዕለት ነው።

ያላየነውን ነገር በእንግሊዝኛ መናገር ክልክል ነበር። መጽሐፉ ስለ በረዶና ስለ ባቡር ቢያወራም እሳቸው ገጹን ይዘሉታል። የተማርነው እንግሊዝኛ በሙሉ የሸዋ ሮቢት ነው፤ ሽንኩርት፣ ማሾ፣ ፓፓያ፣ ሙቀት፣ ትንኝ፣ የተበላሸ መኪና። ስለ ትንኝ እንደኛ በእንግሊዝኛ የሚያወራ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። «ያላያችሁትን አታውሩ፤ በአማርኛ የሚዋሸው ይበቃናል» ይሉ ነበር። ልጆቼ ብለውን አያውቁም። «እማኞቼ» ነው የሚሉን።

ከተማው ይጠረጥራቸው ነበር። እንግሊዝኛውን ከየት እንዳመጡት በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። መንገድ ለሚሠሩ ፈረንጆች አስተርጓሚ ነበሩ የሚል አለ፤ ወታደር ነበሩ የሚልም አለ። ሰው ባወራ ቁጥር «ማን አየ? መቼ? የት ቆሞ?» ስለሚሉ ጆሮ ጠቢ ናቸው ተባለ። እናቴ ወደዚያ ስትልከኝ ሁልጊዜ በሩ ላይ ይዛ ታቆመኝና «የቤታችንን ጉዳይ እንዳትለፈልፊ፤ እንግሊዝኛውን ብቻ ይዘሽ ነይ» ትለኝ ነበር። እኔም ብሆን አላመንኳቸውም። ራሳቸው ናቸው አለማመንን ያስተማሩኝ፤ ከማን ልጀምር?

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ፍየል ጠፋ። ለሽንኩርት ለቀማ ከሌላ አገር የመጣ የቀን ሠራተኛ ተያዘና ሰው ከበበው። ድንጋይ ያነሣም ነበረ። ጋሽ ደምሰው ጃንጥላቸውን ይዘው ገቡና ከፊት ያለውን ሰውዬ «አየኸው?» አሉት። እሱ ሌላውን ጠቆመ። ያኛው ደግሞ ዶሮ ሻጯን ጠቆመ። ዶሮ ሻጯ ከባጃጅ ነጂው ሰማሁ አለች። ባጃጅ ነጂው «ሰዉ ሲል ሰምቼ ነው» ብሎ መልሶ የመጀመሪያውን ሰውዬ ጠቆመ። እንዲህ ዞረው ዞረው ሲጨርሱ ያየ ጠፋ፤ ድንጋዩም ወረደ፤ ሠራተኛው እግሬ አውጪኝ አለ። ወደ ክፍል ስንመለስ ኮርተንባቸው «ጋሼ፣ ምስኪን አዳኑ» አልናቸው። «ምስኪን መሆኑን በምን አወቃችሁ? ሳይሰርቅ አይቀርም» አሉን። «ግን አላየንም።»

የማይጠረጥሩት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሳቂታ፣ ሰው የሚወዱ፣ ማጋነን ደግሞ የሚያውቁበት። በክፍላችን በር ሲያልፉ ገባ ይሉና አንዲት ድመት ከውሻ ጋር ተጋብታ አየሁ የሚል ዓይነት ወሬ ያወራሉ። እኛ ወደ ጋሼ እንዞራለን፣ አሁን ማን አየ ይላሉ ብለን። እሳቸው ግን ጠመኔውን እንደያዙ ይሰማሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ አንዲት ጥያቄ አያነሡም። ከእኛው መሐል ሰዓዳ የምትባል ልጅ አንዴ ደፍራ «ጋሼ፣ የእትዬን ለምን አይጠይቁም?» አለቻቸው። «እሷ ባለችበት ዓይኔን አሳርፋለሁ» አሉ። አፈሩና ወዲያው ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመሩ።

ከዚያች ክፍል የወጣን ሰዎች አብዛኞቻችን እንጀራችን መጠርጠር ላይ ነው። ጌታነህ ደብረ ብርሃን ላይ ዳኛ ሆነ፤ የመሬት ክርክር ሲመጣለት ካባውን አውልቆ ድንበሩ ድረስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ሰዓዳ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሐኪሙ ወባ ነው ብሎ ቢልክባት፣ ራሷ በማይክሮስኮፕ ሳታይ ወባ የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም። አበራ አይሱዙ ይነዳል፣ ጆንያ ሳያስፈታ አይጭንም። አንዱ ጋዜጠኛ ሆኖ ነበር፤ ያላየሁትን አንብብ አሉኝ ብሎ ለቀቀ፤ አሁን ንብ ያረባል። አንዱ ደግሞ ሚስቱን «የት ነበርሽ? ማን አየ?» ሲል ሲል ጥላው ሄደች። ይህንን ለጋሼ ሲነግሯቸው «እኔ የቋንቋ መምህር ነኝ፤ የትዳር አይደለሁም» አሉ አሉ። ይህንን ስሰማ አልነበርኩም።

ከዚያ ያ የተኩስና የቃጠሎ ክፉ ጊዜ መጣ። ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ጋሽ ደምሰውና እትዬ አሰለፈችም ማጀቴ ከተማ አካባቢ ወዳለው ወደ ጋሼ እህት ቤት ሄዱ፤ ስልካቸውም ጠፋ። ሞቱ የሚልም፣ አሉ የሚልም ወሬ ይመጣል፤ ማን አየ ስል የሚመልስልኝ የለም። መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰው ከመኪና ወርዶ መታገት የዕለት ወሬ ሆነ።

በዚህ መሐል ነው ወይንሸት መጀመሪያ የደወለችው። ያኔ አላውቃትም። «ከማጀቴ ነው። ጋሽ ደምሰው ታመዋል፤ ተማሪዎቼ ይምጡልኝ ብለዋል። ጽጌ፣ ጌታነህ፣ ሰዓዳ፣ አበራ ብለዋል» አለችኝ በሚያምር ለስላሳ ድምፅ። ድምፁ ማማሩ ነው ያስደነገጠኝ። የሆቴል ባለቤት፣ ዳኛ፣ ባለመኪና፤ ምርጫው ለአጋች አይመችም ትላላችሁ? «ቆይተሽ ደውዪ» ብዬ ዘጋሁና ሦስቱን ሰበሰብኳቸው፣ በስልክ።

«ወጥመድ ነው» አለ አበራ። «ያቺ መንገድ ላይ ስንት ሰው በዘመድ ስም ተጠርቷል።»

«እውነት ቢሆንስ? ወላሂ ታመው ሳንደርስ ቢቀሩ ምን እንላለን?» አለች ሰዓዳ።

እሳቸው እንዳስተማሩን እንጠይቅ ተባባልን። ልጅቷ መልሳ ስትደውል አራታችንም መስመሩ ላይ ነበርን። «እስቲ ጠይቂልን፤ ዝናብ ነው ያለ ሰው ምን ይሆናል?» አልኳት። ጥያቄውን ለበሽተኛው ስታደርስ ሰማን። ከዚያ ከሩቅ የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ ደካማ ነው፣ ግን ተቆጥቷል። ምን እንዳለ አልተለየንም። ልጅቷ አፍራ ተመለሰች።

«ይቅርታ እትዬ… እምቢ አሉ። ‹ጠያቂዋ ማን እንደሆነች በምን አውቃለሁ? መጀመሪያ እሷ ትመልስ› ነው የሚሉት። ክፍሉ ስንት መስኮት ነበረው ይላሉ።»

አበራ ሳቁ ፈነዳ። «ናቸው! አጋች ቢሆን እኮ ተሽቀዳድሞ ይመልስ ነበር!»

«መስኮት አልነበረውም በያቸው» አልኳት። እየሳቅኩ ነው።

ስንስቅ ጌታነህ አብሮን አልሳቀም። ልጅቷ ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቀ። «ሳንሄድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ» አለ። «እትዬ አሰለፈች አርፈዋል። ደብረ ብርሃን ለሕክምና መጥተው ነው ያረፉት። ሲቀበሩ ነበርኩ። ለጋሼ መርዶው አልተነገረም።»

«ስንት ጊዜው ነው?» አልኩት።

«ክረምቱ ሳይገባ።»

«እና እስከ ዛሬ ለእኛ አትነግረንም?»

«ሸዋ ሮቢት ላይ ብናገር ወሬው ማጀቴ ይቀድመኛል። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ስኳሩ ነው። ደም ግፊታቸውም ይነሣል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ደህና ሲሉ እንነግራለን ብለው ይዘውታል። አሁን ለምን እንደጠሩን ገባችሁ?»

ገባን። መርዶ መያዝ አገራችን ውስጥ ክፋት አይደለም፤ በሽተኛ እስኪበረታ፣ አዝመራ እስኪገባ፣ ቤተሰብ እስኪሰበሰብ ይያዛል። መንደር ሙሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ግን ያንን በጋሽ ደምሰው ላይ ማድረግ ምን ማለት ነው? ሰው ሁሉ ሲዋሻቸው ደርሰውበታል። አሁን ያላየውን የማያወራ ሰው ፈልገው ላኩብን። ብንቀር ጥርጣሬያቸውን ይዘው ይሞታሉ፤ ብንሄድ ወይ እንዋሻቸዋለን፣ ወይ በአንደበታችን እንገድላቸዋለን።

ሄድን። ጌታነህ ከደብረ ብርሃን በኮት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ኮቱን አውልቆ ተገላገለው። አበራ አይሱዙዋን ሽንኩርት ጫነባት፤ ባዶ መኪና ያስጠረጥራል ብሎ። አራታችን ጋቢና ውስጥ ተጣብቀን፣ ከሽንኩርት ሽታ ጋር። አጣዬ ስንደርስ ከቃጠሎው በኋላ የታደሰውንና ያልታደሰውን ቤት በየፊናችን እያየን አለፍን። ከኋላችን ሞተር ብስክሌት ብቅ ባለ ቁጥር አበራ በመስተዋቱ ያያል፣ እኔ አበራን አያለሁ። አንዱ ቆይቶ አልፎን ሲሄድ ከኋላው የታሰረች ዶሮ ነበረች። ሰዓዳ ሱብሃነላህ ብላ ተነፈሰች።

ኬላ ላይ አንድ ጎረምሳ ጠባቂ አራታችንን ተራ በተራ አየና «ወዴት ናችሁ?» አለ።

«መምህራችንን ልንጠይቅ» አለች ሰዓዳ።

«እናንተ? የምን መምህር?»

«የእንግሊዝኛ።»

የልጁ ዓይን ጠበበ። እኔም ብሆን አላምነንም ነበር። «እስቲ አውሩ፣ በእንግሊዝኛ» አለን። ጌታነህ በመስኮቱ አንገቱን አወጣና መኪናው የጫነው ሽንኩርት እንደሆነ፣ ሙቀቱም ከባድ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጮኸበት። ልጁ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። «እሺ፣ እሺ፣ እለፉ! ምን ያስጮኻል?» አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ክርክሩ የተጀመረው። አበራ «ዋሽተን እንመለስ፤ የታመመ ሰው ነው» አለ። ሰዓዳ «በእኛ ዘንድ ሞት አይደበቅም፤ ግን ቤቱ የእነሱ ነው፣ ሽማግሌ እያለ እኛ ምን አግብቶን?» አለች። ጌታነህ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል አድርጎ መንገዱን ያያል። ቀብሩ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኩት። «ሰው አልነበረም» አለ። «ያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ከዚህ ወገን የመጣ የለም። ካህናቱ ከቀባሪው ይበዙ ነበር። አስከሬን የሚሸከም ጎድሎ አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ።» እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ያን ሁሉ ሰው የሚወዱ ሴት እንዲያ መሄዳቸው እኔንም አቃጠለኝ። ግን መጠርጠሬን አልተውኩም፤ ይሄ ሰውዬ እኛን ይዞ የሚሄደው እውነቱን ብቻውን መሸከም አቅቶት ነው አልኩ በልቤ።

ወይንሸት አጥሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። በድምፅዋ የጠረጠርኳት ልጅ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ የጠመጠመች ሴት ናት። ገና ሰላም ሳንባባል «ጌታነህ የቱ ነው?» ብላ እጁን ያዘች። «በእግዚአብሔር፣ እንዳትነግሯቸው። ሽማግሌዎቹ ፍልሰታ ይውጣ ብለዋል። ሕክምናው ረዘመ፣ ስልኳ ተሰረቀ ብለናቸዋል። እኔ ማልቀስ ሲያምረኝ ወንዝ ወርጄ ነው የማለቅሰው።»

ጌታነህ «ካልጠየቁኝ አልናገርም» አላት። ያ መልስ እንዳልሆነ እሷም እኔም አውቀናል።

ጋሽ ደምሰው መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ዓይኖቻቸው ክፍት ናቸው፣ ግን ግድግዳውን ነው የሚያዩት። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ልስም ስል እጃቸውን ዘረጉና ፊቴን ዳሰሱ።

«ማን ነሽ?»

«ጽጌ ነኝ ጋሼ።»

«ጽጌ ቀጭን ነበረች።»

አበራ ከኋላዬ ሳቀ። «ሳቁ የአበራ ነው» አሉ፣ «ሳቅ ግን ይኮረጃል።» ሁላችንንም እንዲያ መረመሩን፤ አንዱን ስለ ወፍጮው ቀበቶ፣ አንዷን ስለ ጥቁር ሰሌዳው ስንጥቅ። ሰዓዳ ስኳራቸውን ለመለካት ጣታቸውን ስትወጋ «ስንት ነው?» አሉ፤ «መሣሪያው ገና አላሳየኝም ጋሼ» ስትላቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። «አዎ፣ ናችሁ» አሉ። ከዚያ ወይንሸትን ውኃ እንድትቀዳ ላኳት። ማሰሮው ሙሉ ነበር፤ ማናችንም አልነገርናቸውም፤ እሷም አልተከራከረችም።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እዚህ ያለው ሰው አሰለፈች ሕክምና ላይ ናት ይለኛል። ወይንሸትን ጠየቅኩ፣ ሕክምናው ረዘመ፣ ስልኳ ተሰረቀ አለችኝ። ጎረቤቱን ጠየቅኩ፣ ሕክምናው ረዘመ፣ ስልኳ ተሰረቀ። ቄሱን ጠየቅኩ፣ ያው ነው። ሦስት ሰው የአንድን ነገር እውነት ሲያወራ አንዱ ይስታል፣ አንዱ ይጨምራል። የእነዚህ ግን ገጠመ። እውነት እንዲህ አይገጥምም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አስተያየት አልፈልግም። ጽጌ፣ አሰለፈችን አይተሻታል?»

«አላየኋቸውም ጋሼ።»

«ሰዓዳ?»

«አላየሁም።»

«አበራ?»

«አላየሁም፣ እርስዎ ይሙቱ ጋሼ።»

የቀረው አንድ ነው። ጌታነህ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ስሙን ሳይጠሩት ፊታቸውን ወደሱ አዞሩ፤ ዝምታውን ሰምተውት ይሆናል። ሰዓዳ የእጃቸውን አንጓ ያዘች። እኔ መሬቱን አየሁ። በዚያች ደቂቃ እንዲዋሽላቸው ፈለግኩ፤ ከልቤ ፈለግኩ።

«አይቻቸዋለሁ» አለ ጌታነህ።

«ቆማ ነው ተኝታ?»

«ተኝተው ጋሼ።»

«ሐኪም ቤት?»

«አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ።»

ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ቀስ ብለው አወረዱ። እንባቸው ቶሎ አልመጣም። ሰዓዳ አንጓቸውን እንደያዘች ወደኔ አየችና ጭንቅላቷን ነቀነቀችልኝ፤ ደህና ናቸው። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጠየቁ።

«ሰው ነበረ?»

ጌታነህ ዞሮ እኛን አየ። ዳኛ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ያላየውን ሲጽፍ የታየ ሰው አይደለም።

«ብዙ ሰው ነበር ጋሼ» አለ። «ግቢው አልበቃም። ከውጭ የቆመው ይበልጥ ነበር። ያለቀሰው ሰው…» መጨረስ አቃተው።

ማን አየ እስኪሉት ጠበቅኩ። ሁላችንም ጠበቅን። ጋሽ ደምሰው ራሳቸውን ወደ ግድግዳው አስደገፉ። «እንዲያ ነው የሚገባት» አሉ። «እሷ ሰው ትወድ ነበር።» ከዚያ እንባቸው መጣ። አምነውት ይሁን፣ ሊያምኑት ፈልገው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጌታነህንም ጠይቄው አላውቅም።

ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምን ያህሉን እንደሰማች እንጃ። ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን ከአንገቷ ፈታች፤ ከዚያ ክረምቱን በሙሉ ወንዝ እየወረደች በጥቂት በጥቂቱ ስታወጣው የኖረችውን ለቅሶ አንድ ላይ ለቀቀችው። ጩኸቷ ከአጥሩ ወጣ። ያ መንደር ሲጠብቅ ነው የኖረው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ መኮትኮቻቸውን እርሻ ላይ ጥለው፣ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው ሳይኖር፣ መምጣት ጀመሩ።

ጋሽ ደምሰው ኮቴውን ሰምተው እጄን ያዙ።

«ማን ነው የሚገባው? እያየሽ ንገሪኝ ጽጌ።»

በሩ ላይ ቆምኩና እያየሁ ነገርኳቸው። ስማቸውን ስለማላውቅ ያየሁትን ብቻ አልኩ። አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ገቡ። ደረታቸውን እየመቱ እናትና ልጅ መጡ። አንድ ቄስ። ሽርጥ የታጠቁ ሁለት አባወራዎች፣ ከሩቅ የመጡ ይመስላሉ፤ ከሰዓዳ ጋር አሰላሙ አለይኩም ተባባሉ። ሕፃን ያዘለች ሴት። መደቡ ሞላ፣ መሬቱ ሞላ፣ አጥሩ ሥር መቆም ተጀመረ። «አታቋርጪ፣ ቀጥዪ» ይላሉ። ቀጠልኩ። ካየሁት በላይ መጨመር አላስፈለገኝም፤ ሰዉ ገና እየገባ ነበር።